ለቡቼ የተተከለው ድንኳን

መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለዳኜ ግዛው፤

ሰላምታው ይቆይህና አስቀድሜ ልቆጣህ። ከመስቀል ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍክም። ስምንት ወር ሊሞላ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ ያንተ ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል። ወረቀት ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጽፈህ ስትልክ አውቅሃለሁ። እጄን አሞኝ ነው ካልክም ጓደኛህን አጽፈው። በቃ፣ ተቆጣሁ፣ ወጣልኝ። አሁን እንደምን አለህ፣ የኔ ጌታ? ያ የራስ ምታትህ ተሻለህ? የላክሁልህ ሹራብ ደረሰህ? እጅጌው አጥሮህ ከሆነ ተርትረህ አንገት ልብስ አድርገው፤ ክሩ ደህና ክር ነው።

ይህን ጽሕፈት አይተህ የማን እጅ ነው ብለህ ሳትደናገር አትቀርም። የኔ ነው፣ የእናትህ። የመሠረተ ትምህርት ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እስክሪብቶ ሳልይዝ መኖሬን አባትህ እንደ ቀልድ አድርጎት ነበር። እስከ ዛሬ ደብዳቤህን የሚጽፉልኝ የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ማሞ ነበሩ። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው «ይኼ ቃል ለደብዳቤ አይሆንም» እያሉ የኔን አውጥተው የራሳቸውን ያስገባሉ። አምና «የናፍቆቴ ማዕበል» ተብሎ የደረሰህን እኔ አላልኩም። እኔ ያልኩት «ናፍቀኸኛል፣ ካልሲህን ቀይር» ነው። የዛሬውን ጉዳይ ግን ለጋሽ ማሞ ማስጻፍ አልችልም፣ ራሳቸው አሉበት። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እኛ ደህና ነን። አባትህ ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው። ጎረቤታችን ዙሌካና ባሏ ዑስማን ደህና ናቸው፣ ረመዳን ላይ ናቸው። ኮኩ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሁሉም ደህና ነው፣ ከአንዱ በቀር። ቆመህ እንደሆነ ተቀመጥ። ቡቼ ሞቷል።

አልቅስ ልጄ፣ ደህና አድርገህ አልቅስ። የሚያይህ ሰው ካለ ጭስ ገባብኝ በል። እኔም መጀመሪያ ላንተ ሳልነግርህ ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ከመጣህ በኋላ በሩን ስትከፍት ከምታጣው ከእናትህ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

በሰባት ዓመትህ ከላፍቶ ወንዝ ዳር ጠቅልለህ ስታመጣው፣ ይህ ቡችላ እዚህ ግቢ አያድርም ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አደረ። አባትህ «አንበሳው» ይባል ሲል አንተ «ውሻው የኔ ነው፣ ስም የማወጣው እኔ ነኝ» ብለህ ሁለት ቀን አኮረፍክ። ቡቼ ተባለ። ጥጃ ካከለ በኋላም ቡቼ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቦታው በሩ ሥር ነበር። የአውቶቡስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፣ ከአውቶቡሱ ወርደው የሚያልፉትን አንድ በአንድ ያያል፣ ከዚያ ራሱን መልሶ መሬት ላይ ያደርጋል። እኔም በመስኮት አብሬው አያለሁ።

በሁዳዴ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። አባትህን ታውቀው የለ? «ይኼ ጥገኛ! ሠርቶ የማይበላ!» እያለ ይሰድበዋል። ጠዋት ጠዋት ግን ሥራ ከመግባቱ በፊት ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፣ ሲመሽ ተሸክሞ ያስገባዋል። በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን ድንገት ወጥ ቤት ብገባ ከራሱ ሳህን ሥጋውን እየመረጠ ሲያጎርሰው ያዝኩት። እኔ ምንም ሳልጠይቀው «ጥርስ የለውም እኮ» አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔና አባትህ ከዚያች ቀን ወዲህ ስላንተ ማውራት አቅቶናል። ስለ ቡቼ ግን ማውራት እንችል ነበር፤ በላ አልበላም፣ ተኛ አልተኛም። ያቺን ቀን ታውቃታለህ። እኔ ወሊሶ እህቴ ዘንድ ልደብቅህ ስንቅ ስቋጥር፣ እሱ «የሰው ልጅ እየሄደ የኔ አይደበቅም» ብሎ በእጁ ይዞህ ለውትድርና ምዝገባ ቀበሌ ወሰደህ። አንተም ሳትስመው ሄድክ። ባንተ አልፈርድም። በሱም አልፈርድም ማለት እፈልጋለሁ፣ ገና አልቻልኩም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቡቼ መብላት ተወ፣ ቀጥሎ ውሃም እምቢ አለ። ሲተነፍስ ያቃስታል። አንድ ቅዳሜ ውሻ የሚገድሉት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መርዝ የተቀባ ሥጋቸውን ይዘው ሲዞሩ በራችን ላይ ቆሙና እንገላግልሽ አሉኝ። በመጥረጊያ ነው ያባረርኳቸው። አሥራ ሦስት ዓመት በር የጠበቀ ውሻ ባለቤት እንደሌለው መንገድ ላይ ተንፈራግጦ አይሞትም።

ሮበሌን ታስታውሰዋለህ፣ የላፍቶውን የአቶ ጉርሜሳን ልጅ? አሁን ለገበሬ ማኅበሩ ከብት ያክማል። አስጠራሁትና በቢስክሌቱ መጣ። ቡቼን ከጥርሱ እስከ ጭራው ዳሰሰውና ባርኔጣውን አወለቀ። ሐኪም ባርኔጣውን ሲያወልቅ ደግ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ዕጢ አለ፣ ሥቃይ ላይ ነው፣ መዳን የለውም፣ በመርፌ ላሳርፈው እችላለሁ፣ እንደ እንቅልፍ ነው አለኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በግ እናርዳለን፣ ዶሮ እናርዳለን፣ እሱ ለመብላት ነው። የሚወዱትን ለማሳረፍ ብሎ መግደል ግን ምን ይሉታል? አባትህን ጠየቅኩት። ግድግዳውን እያየ «ይሁን» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ዳኜን ሳንጠይቅ?» አለኝ። የት ብለን እንጠይቀው አልኩት።

ሮበሌ የበሬ እንጂ የውሻ ልክ አያውቅም። መድኃኒቱን ለመለካት ክብደቱን ካላወቅኩ አለ። ሚዛን ያለው ዑስማን ሱቅ ነው፣ ያ በሰንሰለት የሚንጠለጠለው የድንች ሚዛን። ውሻና ሚዛን፣ ያውም በረመዳን! ዑስማን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አባትህ ግን ቡቼን በጆንያ ከትቶ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ፣ እቅፍ አድርጎ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ዑስማን አየው፣ ቡቼን አየው፣ ከዚያ ሚዛኑን አውርዶ መንጠቆውን ዘረጋለት። ሠላሳ አንድ ኪሎ ተኩል። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴትዮ በግ መስሏት ኪሎው በስንት እንደሆነ ጠየቀች፤ አባትህ እንዴት እንዳያት አንተ ልታየው ይገባ ነበር። ዑስማን ሚዛኑን ሰባት ጊዜ አጠበው፣ አንዱን በአፈር፤ ደንባቸው ነው። ሲያጥብ ግን ያለቅስ ነበር። ቡቼ ያንን ሱቅ ሁለት ጊዜ ከሌባ አድኖለታል።

ቀኑ ማክሰኞ ሆነ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፤ ለዑስማንም ለማንም አልነገርንም። አባትህን ፈቃድ ጠይቅና ዋል ብለው «ለውሻ ፈቃድ? ምን ብዬ?» ብሎ ምሳውን እንኳ ሳይዝ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ጫማውን እያሰረ ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ ሳስበው ያ ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ሮበሌ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ቡቼን ጓሮ አውጥተን አንተ ስትሄድ ያወለቅካት የትምህርት ቤት ሹራብ ላይ አስተኛሁት፤ ከሄድክ ወዲህ ሌላ ነገር ላይ ተኝቶ አያውቅም። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሮበሌ ስንት በሬ የወጋ ሰው መርፌውን አውጥቶ መልሶ ከተተው፣ አይዞህ ልጄ ያልኩት እኔ ነኝ። ቡቼ እጄን ላሰኝ። ከዚያ አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደሚያደርገው ጭራውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታና ተኛ። ይኸው ነው። አልጮኸም፣ አልተንፈራገጠም። በደንብ ነው የሸኘነው፣ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ነጠላዬን አውልቄ ሸፈንኩት። ሮበሌም ሄደ። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አለቀስኩና ደከመኝ። ዙሌካን ልጥራት ብዬ ከገመድ ላይ ሌላ ነጠላ ስቤ ጣል አደረግኩና ወጣሁ። እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እንባ ዓይኔን ሞልቶት ነጠላውን ዘቅዝቄ ነው የለበስኩት፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ። አንተ ወንድ ስለሆንክ አታስተውለው ይሆናል እንጂ ነጠላ እንዲያ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። በዚያ ላይ ዓይኔ አብጧል። በዚያ ላይ ዘንድሮ ከፋሲካ ወዲህ ብቻ በሰፈራችን ሦስት ቤት መርዶ ገብቷል። ያንተ ደብዳቤ መቅረቱን ደግሞ ከፖስተኛው ጀምሮ የማያውቅ የለም።

ዙሌካ ሱቁ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አየች፣ ነጠላዬን አየች። ለአፍጥር ሳምቡሳ ብላ የቆጠበችው የዘይት ጠርሙስ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች፣ ግን ላፍቶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ምን አውቄ? ለቡቼ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ትወደው ነበር። አይዞሽ፣ እጄ ላይ ነው ያረፈው፣ አልተሠቃየም ብዬ ጀርባዋን እየደባበስኩ አጽናናኋት። እሷ ደግሞ አእምሮዬ የተናጋ መስሏት ባሰባት።

ወዲያው የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ድስት ተጣደ፣ ንፍሮ ፈላ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በልቤ አቤት ይህ ሰፈር ውሻ ሲወድ እላለሁ። ትንሽ በዝቷል ብዬ ነበር፣ ግን ሰው ሲያከብርህ እምቢ አትልም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። አንዷ «ታዛዡ!» ትላለች፤ እውነት ነው እላለሁ። ሌላዋ «ከእናቱ ጉያ የማይለየው» ትላለች፤ እውነት ነው። «ጠባቂያችን» ሲሉማ እኔም አብሬ ደረቴን መታሁ። ከዚያ አንዷ «ሳትድሪው፣ ለሠርጉ ሳትደግሺለት» ስትል ትንሽ ግራ ገባኝ።

በዚህ መሐል ንግስት መጣች፣ የዳቦ ቤቷ ንግስት። በሩን አልፋ ሁለት እርምጃ አልሄደችም፣ መሬት ላይ ወደቀች። «ዳኜዬ፣ እመጣለሁ ብለኸኝ አልነበር?» አለች።

ልጄ፣ ያቺን ጊዜ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ። ሰዎቹ ተሳስተዋል ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት፣ እነሱ ሰምተዋል ብዬ ነው። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ይኸው ተሰበሰቡ፣ ድንኳን ተከሉ፣ እኔ ሞኟ ለውሻ መሰለኝ አልኩ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፣ አንተን ስወልድም እንደዚያ አልፈራሁም። ጋሽ ማሞን በኮታቸው ይዤ «ማን ነገራችሁ?» አልኳቸው።

እሳቸውም ደንግጠው «አንቺ ነሽ እንጂ፣ ትሩፋት። ነጠላሽ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። አንተን የገደለህ ነጠላዬ ነው ለካ። በሕይወት አለህ ማለት ነው፤ ቢያንስ ጠዋት ከነበረው የባሰ አንድም ነገር አልተሰማም። ሳቄ መጣ። የኔን ሳቅ ታውቃለህ፣ ከጀመረ አይቆምም። ውሻው ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ሳቅ ይወጣል። አበደች ተባለ። ባልዲ ሙሉ ውሃ ራሴ ላይ ተደፋ። ጠበል የሚል አለ፣ ያዟት የሚል አለ፣ ዙሌካ በጾም አፏ እግሬን ይዛ ትለምነኛለች። እኔ ውሃው እየተንጠባጠበ እስቃለሁ።

አባትህ ለካ አልቻለም። ሆዴን አመመኝ ብሎ አስፈቅዶ ቡቼን ሊሸኝ ተመልሶ እየመጣ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ድንኳኑን አየ። ዑስማን ሊደግፈው ቢጠጋ ገፋው። ከነሥራ ልብሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ቡቼ በሚተኛባት ቦታ ላይ። ያንን ረጅም ሰውዬ እንደዚያ አጥሮ ሳየው ሳቄ ጠፋ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በእጄ ይዤ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰም። ያንተን እጅ ይዞ የሄደበትን መዳፉን ብቻ ያየዋል። ሰውየውን በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም፤ ለካ በየቀኑ ይዟት ነው ሥራ የሚገባው፣ ያቺን እጁን።

ሄጄ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ግዛው፣ ቡቼ ነው። ቡቼ ነው የሞተው» አልኩት። አላመነኝም። ጎትቼ ጓሮ ወስጄ ነጠላዬን ገልጬ አሳየሁት። ቡቼን አየና «ተመስገን ጌታዬ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ እድርተኛው ሁሉ እየሰማ። በገዛ ውሻው ሞት ተመስገን። ከዚያ የተናገረው ነገር ገባው መሰለኝ፣ ቡቼ አንገት ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ዳኜ፣ ለውሻው ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት ይህን ልነግርህ ነው።

ሰፈሩ ሊቆጣ ይሁን ሊስቅ አልቆረጠም። መጀመሪያ የጀመረችው ዙሌካ ናት፤ ዘይት በራሽን በሆነበት ጊዜ ጠርሙስ ሙሉ ዘይቴን ለውሻ አስደፋሽኝ ብላ ጡጫዋን ጨብጣ መጣችና እዚያው እቅፍ አድርጋኝ ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ ማን ይቁም። ጋሽ ማሞ ብቻ አልሳቁም። ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው ለውሻ ድንኳን የሚተከልበት አንቀጽ እንደሌለ ማንበብ ጀመሩ። ዑስማን ነው ያስቆማቸው። «ደንቡ ይቆይ ጋሽ ማሞ። ዛሬ ድንኳኑ ለዳኜ አለመሆኑ ይበቃናል» አላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው መነጽራቸውን ጠረጉ።

የፈላ ንፍሮ አይጣልም፣ ተበላ። ዙሌካና ዑስማን ድርሻቸውን ለማፍጠሪያ ቋጠሩ። ቡቼን ኮኩ ሥር ቀበርነው፣ ከነሹራብህ። ሊቆፍሩ የመጡትን ጎረምሶች አባትህ አካፋውን ተቀብሎ አስቀመጣቸውና ብቻውን ቆፈረ። በመካኒሳ በእድር ድንኳን የተቀበረ ውሻ ከቡቼ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጋሽ ማሞ በመዝገባቸው «በወይዘሮ ትሩፋት የነጠላ አለባበስ ስህተት የተተከለ» ብለው ጻፉት። ቅጣቴም የእድሩን ድስቶች በሙሉ በአሸዋ መፈግፈግ ሆነ፤ ሁለት ቀን ወገቤን ቆረጠኝ።

አሁን ስላንተ ልጠይቅ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያልተባልክ አለ? ጋሽ ማሞ እንኳ አንድም ቀን ድንጋይ ያልወረወረ ጨዋ ብለውሃል፣ የሰበርከውን መስኮታቸውን በካርቶን ሸፍነው እየኖሩ። እንግዲህ ስትመጣ ያንን ስም ተሸክመህ ነው የምትኖረው፣ ቀላል እንዳይመስልህ።

ንግስትንስ ምን አድርገሃት ነው? እንዲህ የምትወድቅልህ ልጅ እንዳለች እናትህ በለቅሶ ድንኳን ልስማ? እውነቱ ሲወጣ ፊቷን ሸፍና ሮጠች፣ ሦስት ቀን ዳቦ ቤት አልገባችም፣ ሰፈሩ ሦስት ቀን ደረቅ ዳቦ በላ። ራሴ ሄጄ ነይ ልጄ፣ እኔ አልሰማሁም፣ ሳቄን ስስቅ ነበር አልኳት። አሁን ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ብቅ ትላለች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፣ እጇም ቀልጣፋ ነው። ላንቺስ አይጽፍም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለሷም ከመስቀል ወዲህ አልመጣላትም። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ምሥሩን መልቀም ቀጠልን።

አባትህ የጦሩ ወሬ ከከፋበት ከመጋቢት ወዲህ ሬዲዮኑን አይከፍትም። ባትሪ አልቋል ይላል። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ባትሪው ደህና ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሰባተኛው ቀን ሮበሌ ካፖርቱ ውስጥ ቡችላ ይዞ ከች አለ። አንድ ጆሮው ጥቁር ነው፣ ሆዱ ከራሱ ይበልጣል። አባትህ ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ሌላ ውሻ አይገባም ብሎ ማለ። እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ብዬ ነበር፣ መጨረሻዬን አይተሃል። አሁን ያንን ማሰሪያ የሌለው ጫማውን ቡችላው ሲያኝክበት ዝም ብሎ ያየዋል። ስም ግን የለውም። እኔ አንድ አወጣሁ፣ ዙሌካ ሁለት አወጣች፣ ንግስት እንኳ አንድ ስም አፏ ላይ መጥቶ መለሰችው። አባትህ ሁሉንም እምቢ አለ። «ውሻው የዳኜ ነው። ስም የሚያወጣው ዳኜ ነው። ይጻፍና ይላክ» አለ። ስለዚህ እስኪደርስ ድረስ «አንተ» እያልኩ እጠራዋለሁ። አባትህንም «አንተ» እያልኩ ነው የምጠራው፤ አንዱን ስጠራ ሁለቱም ይመጣሉ።

ስለዚህ የኔ ጌታ፣ ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅህም። የት እንዳለህ አትጻፍ፣ ምን እንደምትበላ አትጻፍ፣ ደህና ነኝ እንኳ ባትል አልቀየምህም። የቡችላውን ስም ብቻ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍና ላክልኝ። አንድ ቃል፣ በራስህ እጅ። እጅህን አውቀዋለሁ። አሁን ማንም አያነብልኝም፣ ራሴ ነኝ የማነበው።

ጥይት ይሳትህ። ብርዱ ይለፍህ። ያለህን የሚካፈልህ፣ ያለውን የሚያካፍልህ ደግ ጓደኛ አያሳጣህ። ለመካኒሳው ሚካኤል ተስዬልሃለሁ። ዙሌካም በጾም የተለመነ አይመለስም ብላ በየአፍጥሩ ዱዓ ታደርግልሃለች። በሁለቱም በኩል ተይዘሃልና እንደ ልብህ መጥፋት አትችልም።

ፊርማዬን ደህና አድርገህ እይልኝ፣ እስከ ዛሬ የምልክልህ የአውራ ጣቴን አሻራ ነበር።

እናትህ
ትሩፋት

አባትህ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ቆይቶ እስክሪብቶውን ቀማኝ። ከዚህ በታች ያለው የሱ እጅ ነው።

ዳኜ፣ ስሙ አጭር ይሁን። ቶሎ ላክ። እኔና ቡችላው በሩ ላይ ነን።
አባትህ